ጊፉ-ሐሺማ፦ በሩዝ ማሳ መካከል የቆመ ጣቢያ

የባቡር ሐዲድ ዘወትር የሚጠራው በሁለት ጫፎቹ ነው። የጅቡቲና የአዲስ አበባ፥ የሞስኮና የቭላዲቮስቶክ፥ የቶኪዮና የኦሳካ ሐዲድ ይባላል። በመካከል ያለው አገር፥ መሬቱን ለቅቆ ሐዲዱን የተሸከመውና ሌሊት ሌሊት ድምፁን የሚሰማው ገበሬ ግን ከስሙ ውስጥ አይገባም። የባቡር ታሪክ ጸሐፊዎችም ድልድዩንና ዋሻውን፥ የባቡሩን ፍጥነትና የመሐንዲሱን ስም በሰፊው ይመዘግቡና መካከለኛውን ጣቢያ በአንድ መስመር ያልፉታል። ይሁን እንጂ አንድ ሐዲድ ለማን እንደተዘረጋ ለመመርመር ከመካከለኛ ጣቢያ የተሻለ ቦታ የለም። በጃፓን አገር በጊፉ ክፍለ ሀገር፥ ሐሺማ በምትባል አነስተኛ ከተማ የሚገኘው የጊፉ-ሐሺማ ጣቢያ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ብዙ የሚሰጥ ነው። በዚህ ስፍራ በዓለም የመጀመሪያው እጅግ ፈጣን ባቡርና ከቀዬ ወደ ቀዬ የሚያዘግመው የአጥቢያ ባቡር ጎን ለጎን ይቆማሉ። ጎን ለጎን እስኪቆሙ ግን 18 ዓመት ፈጅቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሺማ የሚገኘው በኖቢ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ኪሶ፥ ናጋራና ኢቢ የተባሉ ሦስት ታላላቅ ወንዞች ከተራራ ተሸክመው ያወረዱት ደለል የሠራው ዝቅተኛ ምድር ሲሆን፥ ሐሺማ ራስዋ በኪሶና በናጋራ መካከል ተቀምጣለች። በዚህ አገር የገበሬው የመጀመሪያ ጠላት ውሃ ነበር። ስለዚህም ነዋሪው መንደሩንና ማሳውን በአንድነት በአፈር ግድብ ዙሪያውን አጥሮ ይኖር ነበር፤ ይህ በግድብ የታጠረ የመንደሮች ማኅበር «ዋጁ» ይባላል። የአንዱ ዋጁ ግድብ ከፍ ሲል ጎርፉ ወደ ሌላው ስለሚዞር ጎረቤት ከጎረቤት የተጣላበት ዘመን ብዙ ነው። በ1754 እና በ1755 የቶኩጋዋ መንግሥት በደቡብ ጫፍ የሚገኘውን የሳትሱማን ግዛት መኳንንት በራሳቸው ወጪ መጥተው የእነዚህን ወንዞች ግድብ እንዲሠሩ አስገደዳቸው። ዓላማው ወንዙን ለመግራት ብቻ ሳይሆን የሳትሱማን ግምጃ ቤት ለማራቆትም እንደነበረ ይታመናል። በሥራው ላይ ከ80 የማያንሱ የሳትሱማ ሰዎች ከፊሉ በበሽታ፥ ከፊሉ በገዛ እጃቸው ሞተዋል፤ የሥራው አዛዥ ሒራታ ዩኪየም ሥራው እንዳለቀ በ1755 ሞተ። ሦስቱን ወንዞች አለያይቶ እያንዳንዱን በየራሱ መውረጃ ለማስኬድ የተቻለው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ ዮሐኒስ ደ ሬይከ የተባለው የሆላንድ መሐንዲስ ባወጣው ፕላን በ1887 ተጀምሮ በ1912 በተፈጸመው ሥራ ነው። በዚህ መካከል በጥቅምት 1891 የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ከ7,000 በላይ ሕዝብ ፈጅቷል። ገና አዲስ የነበረው የናጋራ ወንዝ የባቡር ድልድይም በዚያው ቀን ወደቀ።

ይህ ሁሉ የተዘረዘረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ መሬት ማለት አባቶቹ ከውሃ ጋር ተናንቀው ያወጡት ንብረት ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ሐዲድ ልዘርጋ ብሎ የሚመጣ መንግሥት በባዶ ሜዳ ላይ እንደመጣ ሊቆጠር አይችልም።

የመጀመሪያው የቶካይዶ ሐዲድ ከቶኪዮ እስከ ኮቤ በ1889 ሲጠናቀቅ ሐሺማን አልነካትም። በሰሜን በኩል በጊፉና በኦጋኪ ከተሞች አልፎ ሔደ። የሐሺማ አካባቢ ሰዎች ዋናውን ሐዲድ ቢያጡም አጅ አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ታኬሐና በምትባለው የገበያ ከተማ ስም የሚጠራ የባቡር ኩባንያ ተቋቁሞ በ1921 ከካሳማትሱ ተነሥቶ ወደ ታኬሐና የሚመጣ አጭር ሐዲድ ተከፈተ። በ1929 ሐዲዱ ወደ ደቡብ ተቀጥሎ ኦሱ ከምትባል የወንዝ ዳር መንደር ደረሰ። በ1943 ናጎያን ማዕከል ያደረገው ታላቁ የሜይቴትሱ ኩባንያ ጠቀለለው። ባቡሩ ጥቂት ፉርጎ እየጎተተ በአንድ ሐዲድ ላይ የሚመላለስ፥ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤት፥ የሱፍ ጨርቅ ሠራተኛውን ወደ ፋብሪካው የሚያደርስ ነበር። ታሪኩ ውስጥ ጀግና የለም፤ ሆኖም ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ለመመዘን እንደ ሚዛን ድንጋይ ሊያገለግል ይችላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቶካይዶ መስመር ከጃፓን ሐዲድ ርዝመት 3 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፥ የአገሪቱን መንገደኛና ጭነት ሩብ ያህል ይሸከም ነበር። ሐዲዱ 1,067 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ በመሆኑ ፍጥነት ለመጨመር አላመቸም። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የባቡር ዘመን አልፎ የመኪናና የአውሮፕላን ዘመን መጥቷል ይሉ ስለነበር አዲስ ሐዲድ መዘርጋት የሞኝ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። የብሔራዊው የባቡር ድርጅት ፕሬዚዳንት ሶጎ ሺንጂና ዋናው መሐንዲስ ሺማ ሒዴኦ ግን በ1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት፥ መንገድ የማያቋርጠው የተለየ ሐዲድ እንዲሠራ ተከራክረው አሳመኑ። ስሙም ሺንካንሰን ተባለ፤ «አዲሱ ግንድ መስመር» ማለት ነው። በ1959 ሥራው ተጀመረ። በ1961 ከዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ። መጀመሪያ 200 ቢሊዮን የን ያህል ይፈጃል የተባለው ሥራ ወደ 380 ቢሊዮን ስለደረሰ ሶጎና ሺማ በ1963፥ ባቡሩ ሊሔድ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሲቀረው፥ ከሥልጣናቸው ለቀቁ።

ከናጎያ በስተምዕራብ ሐዲዱ በየት ይለፍ የሚለው ጥያቄ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ወደ ኪዮቶ የሚወስደው አጭር መንገድ የሱዙካን ተራሮች በረጅም ዋሻ መብሳትን ይጠይቃል። የተራራው አለት አስቸጋሪ ሲሆን፥ የጊዜው ገደብ ደግሞ በ1964 በቶኪዮ የሚደረገው ኦሎምፒክ ነበር። ስለዚህ በ1600 ታላቁ ጦርነት በተደረገበት በሴኪጋሐራ በር በኩል ዞሮ ወደ ማይባራ እንዲሔድ ተወሰነ። ከናጎያ እስከ ማይባራ ቀጥተኛ መስመር ሲሰመርም መስመሩ የክፍለ ሀገሩን ዋና ከተማ ጊፉን በሰሜን ትቶ በሐሺማ ማሳዎች ላይ አለፈ። ይህ ሲታወቅ የጊፉ ሕዝብ ተቆጣ። በ1889 ያገኘውን የግንድ መስመር ክብር ሊያጣ ነው፤ ከዚያም አልፎ በመጀመሪያው ሐሳብ በክፍለ ሀገሩ ውስጥ አንድም ጣቢያ አይኖርም ነበርና መሬት ሰጥቶ ባቡር ሲያልፍ ከመመልከት በቀር የሚያገኘው ጥቅም አይታየውም ነበር።

በዚህ ላይ ነው ኦኖ ባንቦኩ የሚመጣው። ኦኖ በ1890 በጊፉ የተወለደ፥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረ፥ በኋላም የገዥው የሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነ፥ በጓዳ ድርድር የታወቀ ብርቱ ሰው ነው። በክፍለ ሀገሩና በባቡር ድርጅቱ መካከል ገብቶ ሐዲዱ በታሰበለት መስመር እንዲሔድ፥ ለካሣው ደግሞ በሐሺማ ጣቢያ እንዲሠራ አስማማ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በጃፓን ጋዜጦችና በሕዝቡ አንደበት ጊፉ-ሐሺማ «የፖለቲካ ጣቢያ» ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። አንድ ባለሥልጣን ለመራጮቹ ብሎ ፈጣኑን ባቡር በሩዝ ማሳ መካከል አቆመ ይባላል። በጣቢያው ፊት ለፊት የኦኖና የባለቤቱ የነሐስ ሐውልት ስለቆመ ሐሜቱ ምስክር ያገኘ ይመስላል።

ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን ሐሜቱ እውነቱን በግማሽ ብቻ እንደሚይዝ ይታያል። ከናጎያ እስከ ማይባራ ያለው ርቀት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ሴኪጋሐራ ደግሞ በክረምት ከባድ በረዶ የሚጥልበት በር ነው። መሐንዲሶቹ ከዚያ በር በፊት ባቡሮች ተጠግተው የሚቆዩበት፥ ፈጣኑ ዘገምተኛውን የሚቀድምበት ስፍራ ያስፈልጋቸው ነበር። ጣቢያው ራሱ ይህን ይመሰክራል። ለአንዲት ትንሽ ከተማ የተሠራ ቢሆንም አራት የመሳፈሪያ ሐዲዶችና በመካከላቸው ሳይቆሙ የሚያልፉ ባቡሮች የሚሔዱባቸው ሁለት ሐዲዶች አሉት። መራጭ ለማስደሰት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሐዲድ ባላስፈለገ። ስለዚህ ፖለቲከኛው ያደረገው መሐንዲሱ ቀድሞ የሚፈልገውን ነገር ለሕዝቡ እንደ ስጦታ አድርጎ ማቅረብ ነው ቢባል ሳይሻል አይቀርም። ይህ ዓይነቱ ጥበብ ደግሞ በጃፓን ብቻ የተወሰነ አይደለም። ኦኖ በግንቦት 1964 ስለሞተ በስሙ የሚማልበትን ጣቢያ ሲከፈት አላየም።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ሐረርን ሳያስብ አይቀርም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ጥንታዊቱ የንግድ ከተማ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ሳለ፥ የተራራው ወጪ ስለከበደ በ1902 (በእኛ 1895) ከተራራው ግርጌ ቀረ። በዚያም ባዶ ሜዳ ላይ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ በቀለች፤ አሮጌዋ ከተማ በላይ ቀርታ አዲሲቱ በታች አደገች። ጊፉና ሐሺማም እንዲሁ ይሆናሉ ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ አልሆኑም። ድሬዳዋ የባቡሩ ጫፍ፥ የጥገናው ቤትና የጭነቱ መራገፊያ ስለነበረች ሐዲዱ ሥራ ይዞላት መጣ። ሺንካንሰን ግን በሐሺማ የሚያራግፈው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ነው።

ጥቅምት 1 ቀን 1964 መስመሩ ተከፈተ። ከቶኪዮ እስከ አዲሲቱ ኦሳካ ጣቢያ 515 ኪሎ ሜትር ሲሆን በ12 ጣቢያዎች ተከፋፈለ፤ ከእነርሱም አንዱ ጊፉ-ሐሺማ ነበር። ባቡሮቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው «ሒካሪ» ይባላል፤ ብርሃን ማለት ነው። በመካከል በናጎያና በኪዮቶ ብቻ እየቆመ፥ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር እየበረረ፥ ቀድሞ ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረውን ጉዞ በአራት ሰዓት ይጨርስ ጀመር። ሁለተኛው በሁሉም ጣቢያ የሚቆመው «ኮዳማ» ነው፤ ትርጉሙም የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ይህን አስበው ይሁን ሳያስቡ፥ ለሐሺማ ነዋሪ ብርሃኑ በመካከለኛው ሐዲድ እያፏጨ ሲያልፍ የሚደርሰው ማሚቶው ብቻ ነበር። ከጣቢያው ደጃፍ ሲወጣ በዚያ ዘመን የሚታየው ማሳ ነበር።

የበረዶው ጉዳይ ከተጠበቀውም ከፋ። በመጀመሪያው ክረምት በሴኪጋሐራ የጣለው በረዶ በባቡሮቹ ሆድ ሥር እየተጋገረ፥ ሞቅ ወዳለው አገር ሲደርሱ በሐዲዱ ጠጠር ላይ ይወድቅ ጀመር፤ ጠጠሩም እየተፈናጠረ የባቡሩን አካልና መስታወት ይመታ ነበር። መፍትሔው በሐዲዱ ዳር ውሃ የሚረጩ ቧንቧዎች ተክሎ በረዶውን ማራስና ባቡሮቹን ማዘግየት ሆነ። በእንዲህ ያለ ቀን የተናቀው የማሳ ጣቢያ ዋጋው ይታወቃል፤ ከሴኪጋሐራ በፊት ባቡሮች ተራ የሚጠብቁበት መጠለያ እርሱ ነውና።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነበር። ታኬሐና ላይ የሚያልፈው የአጥቢያ ባቡር ከአዲሱ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ እየተመላለሰ፥ ሁለቱን የሚያገናኝ ሐዲድ አልነበረም። ከኦሳካ በ210 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የመጣ የጊፉ ሰው ከጣቢያው ወርዶ አውቶቡስ ይጠብቅ ነበር። ፈጣኑ ባቡር ያተረፈለትን ጊዜ አውቶቡሱ መልሶ ይወስድበታል። በአገራችንም በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲስ መስመር ጣቢያዎቹ ከከተሞች ወጣ ብለው ስለተሠሩ መንገደኛው ይህን ችግር በሚገባ ያውቀዋል። በሐሺማ መፍትሔው የተገኘው በታኅሣሥ 1982 ነው። ሜይቴትሱ ከታኬሐና መስመር ከኤጊራ ጣቢያ ገንጥሎ 1.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ሐዲድ ዘረጋ፤ ከሺንካንሰኑ ጣቢያ አጠገብም ሺን-ሐሺማ የተባለች ጣቢያ በምሰሶ ላይ ሠራ። አንድ ሐዲድና አንድ መሳፈሪያ ብቻ ያላት ናት። ከዚያች የተነሣ ባቡር በካሳማትሱ በኩል ጊፉ ከተማ ይገባል። ስድስት ሐዲድ ባለው ታላቅ ጣቢያ ጥላ ሥር ባለ አንድ ሐዲዷ ጣቢያ መቆሟ ለሠዓሊ የተመቸ ሥዕል ነው።

ያም ሆኖ 18 ዓመት ረጅም ጊዜ ነበር። የጊፉ ሕዝብ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ልማድ ለምዶ ነበር፤ ይኸውም በአሮጌው የቶካይዶ ሐዲድ ወደ ናጎያ ሔዶ ፈጣኑን ባቡር ከዚያ መያዝ ነው። በተለይም ብሔራዊው የባቡር ድርጅት በ1987 ተከፋፍሎ ወደ ኩባንያነት ከተለወጠ በኋላ የተፋጠኑት የአሮጌው ሐዲድ ባቡሮች ከጊፉ ናጎያ ለመድረስ የሚፈጅባቸው 20 ደቂቃ ያህል ነው። ናጎያ ደግሞ ሁሉም ባቡር ይቆማል፤ በ1992 የመጣው «ኖዞሚ» ማለትም «ተስፋ» የተባለው ከሁሉ የሚፈጥነው ባቡርም በናጎያ እንጂ በሐሺማ አይቆምም። ሐሺማ የምታገኘው በየሰዓቱ አንድ ሒካሪና አንድ ኮዳማ ያህል ነው። በጣቢያው ዙሪያ የተስፋፋው የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ነው፤ ከየገጠሩ የሚመጣው መንገደኛ መኪናውን እዚያ አቁሞ ይሳፈራል። ባቡር መኪናን ይተካል ተብሎ በተጀመረው ታሪክ ውስጥ ይህ ትንሽ የሚያስፈግግ ነገር ነው። በሌላ በኩል በናጎያ ከተማ በሐዲዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች በ1974 ስለ ድምፁና ስለ ንዝረቱ ክስ መሥርተው በ1986 በስምምነት እስኪያልቅ ድረስ ተሟግተዋል፤ ፈጣኑ ባቡር ለሁሉም እኩል ብርሃን እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? ለዚህ በዚያው መስመር ላይ በሺዙኦካ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ካኬጋዋ መልስ ትሰጣለች። ካኬጋዋ በ1964 ጣቢያ አልተሰጣትም፤ ኦኖን የመሰለ ተሟጋችም አልነበራትም። በ1977 ሺንሙራ ጁንኢቺ ከንቲባ ሲሆን፥ ከተማዋን በ1979 የዕድሜ ልክ ትምህርት ከተማ ናት ብሎ አወጀ፤ ጣቢያ ማግኘትንም የሕዝቡ የጋራ ትምህርትና የጋራ ሥራ አደረገው። ነዋሪው ከኪሱ አዋጣ። በመጋቢት 1988 ጣቢያው ተከፈተ። ካኬጋዋ ከሐሺማ የምትለየው በዚህ ብቻ አይደለም፤ ጣቢያው የተሠራው በከተማዋ መካከል ከአሮጌው የቶካይዶ ጣቢያ ጋር ተያይዞ ነው። ከዚያው ስፍራ ደግሞ 67.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የቴንሪዩ ሐማናኮ የገጠር ባቡር ይነሣል። ይህን መስመር ብሔራዊው ድርጅት በ1987 ሲተወው የአካባቢው አስተዳደሮች በጋራ በቆመ ድርጅት አማካይነት ተረከቡት። እዚያ ፈጣኑ፥ መካከለኛውና ዘገምተኛው ባቡር በአንድ ደጃፍ ይገናኛሉ። በ1940 የተሠራው የእንጨት ጣቢያ ቤትም አልፈረሰም፤ በ2014 የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲችል ተደርጎ በአሮጌው እንጨቱ ታደሰ። በፈረንሳይ ፒካርዲ ውስጥ በስኳር ቀይ ሥር ማሳ መካከል የተሠራውና ነዋሪው «የቀይ ሥር ጣቢያ» ብሎ የሚሳለቅበት ግን ከአጥቢያ ሐዲድ ጋር ሳይገናኝ ስለተከፈተ የሐሺማን የመጀመሪያ ዓመታት የደገመ ነው።

አሁን ወደ ኦሱ መመለስ ያስፈልጋል። ኦሱ በዛሬይቱ ሐሺማ ደቡብ የምትገኝ፥ የታኬሐና ባቡር መጨረሻ የነበረች መንደር ናት። በጥንት ዘመን ሺንፑኩ-ጂ የተባለ ታላቅ ቤተ መቅደስ ነበራት፤ ከጥንታዊው የጃፓን መጽሐፍ ከኮጂኪ ቅጂዎች ሁሉ የሚቀድመው፥ በ1371 እና በ1372 የተገለበጠው የብራና ያህል የከበረ ቅጂ የሚገኘው በዚህ ቤተ መቅደስ ንብረት ውስጥ ነው። በ1612 ቶኩጋዋ ኢየያሱ ከጎርፍ ለማዳን በሚል ቤተ መቅደሱን ከነመጻሕፍቱ ወደ ናጎያ አዛወረው። ዛሬ በናጎያ መካከል ኦሱ የሚባለው ደማቅ የገበያ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚህች መንደር ነው። በዚያው በሐሺማ ደቡብ እጅግ ብዙ የእንጨት ምስሎችን በመጥረቢያና በመሮ እየጠረበ አገር ለአገር የዞረው የ17ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴና ቀራፂ ኤንኩ እንደተወለደ ይነገራል፤ ምስሎቹን የያዘ አዳራሽም አለ።

የ1982ቱ አዲስ ሐዲድ ሲከፈት ከጊፉ የሚመጣው ባቡር ወደ ሺንካንሰኑ ይታጠፍ ጀመር። ከኤጊራ እስከ ኦሱ ያለው የ6.7 ኪሎ ሜትር አሮጌ ሐዲድ ቅርንጫፍ ሆኖ ቀረ። መንገደኛው እያነሰ ሔደ፤ ጥቅምት 1 ቀን 2001 ተዘጋ። ፈጣኑ ባቡር ከተከፈተ ልክ በ37ኛው ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ኦሱን የሚያገናኛት አውቶቡስ ሆነ። የአጥቢያው ባቡር ከፈጣኑ ጋር በመገናኘቱ ሐሺማ አንድ በር ሲከፈትላት ኦሱ ሌላ በር ተዘጋባት። ይህን በሒሳብ ብቻ ለሚመለከት ሰው ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በ1929 ሐዲዱ መንደራቸው ሲደርስ ላዩ ሰዎች ልጆች ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

በዚያው በጊፉ ክፍለ ሀገር፥ በምሥራቅ ተራሮች በናካትሱጋዋ፥ ሌላ ጣቢያ በመሠራት ላይ ይገኛል። በመግነጢስ ኃይል ከመሬት ተነሥቶ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር እንዲሔድ የታቀደው አዲሱ ባቡር ከቶኪዮ ናጎያ ሲሔድ የሚቆምበት ነው። ቦታው የተመረጠው ሚኖ-ሳካሞቶ ከምትባለው፥ የአጥቢያ ባቡር ከሚቆምባት ትንሽ ጣቢያ አጠገብ ነው። ሥራው በ2014 ሲጀመር በ2027 ይከፈታል ተብሎ ነበር፤ በመጋቢት 2024 ኩባንያው በዚያ ዓመት ለመክፈት እንደማይቻል አስታወቀ። በሚኖ-ሳካሞቶ የአጥቢያው ባቡር እንደ ወትሮው ይቆማል።